የሐዘንተኛዋ ድምፅ

በዚያ ዘመን ሕግ፣ «አደገኛና ለሕክምና የማይረባ» ተብሎ አንደኛ መደብ የገባ መድኃኒት ከዚያ መደብ የሚወጣው በሽተኛ አስታሞ በቀበረ አንድ ሐዘንተኛ ፈቃድ ብቻ ነበር። ሐዘንተኛው በምስጢር ዕጣ ይመረጣል፤ ማንነቱም ለሕዝብ አይነገርም። የሕመም ማስታገሻው የሞርፊን ዕጣ ለየውብዳር ወጣ።

እናቷ ካንሰር አጥንቷን ሲበላት፣ የትራሷን ጨርቅ በጥርሷ እየቀደደች ነው የሞተችው። ሞርፊንን አንደኛ መደብ ያስገቡት የያኔው የመድኃኒት ቦርድ ሰብሳቢ ዶክተር ልሳነወርቅ ነበሩ። ዛሬ ያው ካንሰር ይዟቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ውሳኔ በምትሰጥበት አዳራሽ ፊቷ ቀረቡ።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ፣ ላብ እያጠመቃቸው። «መደቡ ይለወጥ። እባክሽ ልጄ።»

«እናቴም እባክዎን ብላ ደውላልዎት ነበር። ምን አሏት?»

ዶክተሩ አቀረቀሩ። «ሕግ ነው አልኳት።»

«እንግዲያው ሕጉ ይጽና» አለችና የተቃውሞውን ቁልፍ ተጫነች። ዶክተሩ በሕመም እየጮኹ ሲወሰዱ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ጋሽ መንገሻ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ሚስታቸው እትዬ እታለማሁ በዚያው በሽታ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል።

«የውቤ፣ ስለ ሞርፊኑ የሰማሽው አለ? እታለማሁ ዛሬ ይፈቀዳል ብላ በተስፋ ነው የዋለችው።»

የውብዳር የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። «አልተፈቀደም። ሐዘንተኛው ተቃወመ አሉ።»

«በሽተኛ ያስታመመ ሰው?» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ ማመን አቅቷቸው። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

ከውስጥ እትዬ እታለማሁ ማቃሰት ጀመሩ። የውብዳር ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ድምፁ ግን በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።