የተሰጠ ስም

አንዷለም ድሮ ወሬ ሲጀምር ዶሮ እንኳ እንቁላል መጣሏን ትረሳ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቋንቋው ሲጠፋ፣ ሐኪሞች ከሚስቱ ከየሺመቤት አእምሮ ቃል እየነቀሉ ይተክሉለት ጀመር። የተነቀለው ወደ እሷ አይመለስም። "ጨው" ከሄደ ወዲህ ወጥ ቀምሳ "ያ... ነጩ አንሶታል" ትላለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ትንሿን ልጃቸውን አባቷ አንዴ በስሟ ቢጠራት ብላ፣ የልጅቱን ስም ሰጠችው።

ከሰዓት ልጅቱ ኳስ ተከትላ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ሲኖትራክ ቁልቁል እየተምዘገዘገ ነው። የሺመቤት አፏን ከፈተች፤ ስሙ የለም።

"አንቺ! አንቺ!"

"እኔን ነው?" አለች ባለሱቋ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዞረ፤ ልጅቱ ብቻ አልዞረችም።

"ትርንጎ!" አለ አንዷለም ከበራፉ።

ልጅቱ ቀጥ አለች። መኪናው ኳሷን ጨፍልቆ አለፈ።

የሺመቤት ልጇን እቅፍ አድርጋ ወደ ባሏ ዞረች።

"እስቲ ድገምልኝ... ማን አልካት?"