የቀረለት ቋንቋ

ወይንሸት ማንኪያውን ወደ ባሏ ወደ ክፍሉ አፍ ስታስጠጋ ከንፈሩን ገጠመ። አጥሚቱ በአገጩ ወረደ። ጠረገችለትና እንደገና ሞከረች። አሁንም አልከፈተላትም። በደህናው ግራ እጁ ማንኪያውን ገፋ አድርጎ በሶማልኛ አንድ ነገር አላት፤ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ ልመና ያለበት ነገር።

«አልገባኝም ክፍሌ» አለችው። «አይገባኝም። ስንቴ ልንገርህ?»

የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር በቀትር ፀሐይ ጭጭ ብሏል። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፤ የድሮው የባቡር ሠራተኞች ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ ቢሆንም ግድግዳው ሙቀት ይተፋል። ልጃቸው ሶፊ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ እስክትመለስ ማጠቡም፣ ማገላበጡም፣ ማጉረሱም የወይንሸት ነው። ወገቧ የራሷ አልመስል ካላት ሰነባበተ።

ስትሮኩ ክፍሉን የጣለው ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀኝ ጎኑን ወሰደው፤ አማርኛውንም አብሮ ወሰደው። ዝም ብሎ ከርሞ ምላሱ ሲፈታ የወጣው በልጅነቱ የተጫወተበት ሶማልኛ ሆነ። አባቱ አይሻ ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ስለነበሩ ከሶማሌ ልጆች ጋር አቧራ ላይ ሲንከባለል ነው ያደገው። ወይንሸት ደግሞ ከደጋ የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ ከገበያ ሶማልኛ በቀር አታውቅም።

ሐኪሙ የአንጎሉን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ጠቆር ያለውን ቦታ አሳይቷት ነበር። ለእሷ የታጠበ ጨጓራ ነው የመሰላት። ስታወራው፣ ስትኮርፈው፣ ስትታረቀው የኖረችው ሰውዬ እዚህ እጥፋት ውስጥ ነው እንግዲህ ያለው?

«አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አላት ሐኪሙ። «አንዱ ቋንቋ ይሄድና ሌላው ይቀራል። ለምን ይሄኛው እንደሚቀር ግን እርግጠኛ ሆነን አናውቅም።»

የሠራው ያውቃል፣ ብላ ወጣች። ያን ቀን ይህቺ ቃል ምርኩዝ ሆናት ነበር። እያደር ግን ሙግት ሆነች። አንተው ሠርተኸው፣ ሁሉንም ቦታ ቦታውን አስይዘኸው፣ እኔ የማልሰማውን ለይተህ የተውክለት ምን ብበድልህ ነው?

ክፍሉ ዓይኑን ጨፈነና እንደገና ጀመረ። አሁን የሚያናግረው እሷን አይደለም። ፊቱን ወደ ጣሪያው አቅንቶ «ኢላሆው» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ኢላሆው።»

ይህቺን ቃል ታውቃታለች፤ ድሬ ኖሮ የሶማሌ ጎረቤቱ ፈጣሪውን ሲጠራ ያልሰማ የለም። ክፍሉ እንዲህ ብሎ ሲጸልይ ግን ሰምታው አታውቅም። አማርኛው ሲሄድ ሃይማኖቱም ተከትሎት ሄደ እንዴ?

ሳህኑን እንደያዘች መስኮቱ ጋ ሄደችና ግቢው በር ላይ ሱቅ ያላትን ሶማሌ ጎረቤቷን ተጣራች።

«ማርያን! አንዴ ነይልኝ እስቲ!»

ማርያን ሻርፗን እያስተካከለች እየሮጠች ገባች። «አቦ ምን ሆነ? ወደቀ?»

«አልወደቀም። ምን እንደሚል ስሚልኝ። ደግሞ እንዳትደብቂኝ።»

ማርያን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ አለች። ክፍሉ መምጣቷንም አላወቀ። ስታዳምጥ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እየጸለየ ነው።»

«መጸለዩንማ አየሁ። በማን ነው የሚጸልየው? በእኛ ነው በእናንተ?»

«‹ስለ እናትህ ብለህ› ይላል።» ማርያን ቀና ብላ አየቻት። «እኛ እንደዚህ አንልም ወይኒ።»

ወይንሸት በረጅሙ ተነፈሰች። «ሌላስ?»

ማርያን እየሰማች፣ እየቆረጠች ነገረቻት። «ጭንቅላቴን የሠራኸው አንተ ነህ ይላል። ወሬዬ የት እንደገባ አንተ ታውቃለህ። ካልፈለግክ አትመልስልኝ። ግን ይቺ ሴት...»

«ይቺ ሴት ምን?»

«ልትሞትብኝ ነው ይላል። ‹ምግቡን አንቺ ብዪ› ስላት አትሰማኝም፣ መልሳ እኔኑ ‹ብላ› ትለኛለች። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። እኔን ተወኝና ለሷ እንቅልፍ ስጣት፣ ነው የሚለው። ወላሂ እንደዚህ ነው የሚለው።»

ወይንሸት ሳህኑን ይዛ ቆማ ቀረች። ምግብ የቀመሰችው መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። አፉን የገጠመባት ስለሰለቸችው ነበር የመሰላት።

ክፍሉ ዓይኑን ገልጦ አያት። «ፈዲሶ» አለ።

«ቁጭ በይ ነው የሚልሽ» አለች ማርያን፣ ሳህኑን ከእጇ እየተቀበለች።

ወይንሸት ወንበሩን ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ክፍሉ ጸሎቱን ሊያሳርግ በግራ እጁ ማማተብ ጀምሮ ግንባሩ ላይ ሲደርስ ተሳሳተበት። የማትታዘዘውን ቀኝ እጁን አነሳችለት። እንደ እርጥብ ጋቢ ትከብዳለች። ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ወሰደችለት። ከዚያ እጁን አንሶላው ላይ አሳርፋ፣ ለአፍታ ያህል ብላ ጭንቅላቷን ከጎኑ ጣል አደረገች።

ማርያን የመስኮቱን መዝጊያ ገጠም አድርጋ ፀሐዩን ከለለች። «ወይኒ፣ ለራት ሩዝ እኔ...» ብላ ስትዞር ክፍሉ ግራ እጁን አንስቶ አመልካች ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።