ቀይ ነጥብ

የሩሎፍ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ባሩዱን በየጥይቱ ቀለህ የምትሞላው ሚስቱ ሄቲ ነበረች። በማግስቱ ከኦካሃንጃ ከተማ ወዲያ ባለው እርሻቸው አጋዘን ሊያድኑ ነው። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ቋንጣ እያኘከ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ትከሻውን እያሻሸ ሚዛኑን አፍጥጦ ያያል።

«ባሩዱ አነሰ እኮ።»

«መነጽርህን ጥረግ።»

ጠረገው። ሚዛኑ ያው ነው። «እኔ አሮጌ ነኝ እንጂ ጠመንጃዬ አላረጀም፤ ይራገጥ ተይው» አላት።

 ሄቲ የጥይቱን እርሳስ በመጫኛ መሣሪያው ገፍታ ቀለሁ ላይ ገጠመችው፤ ከሽርጧ ኪስ የጥፍር ቀለም አወጣችና የቀለሁ ቂጥ ላይ ቀይ ነጥብ አሳረፈችበት።

ሩሎፍ ቋንጣ ማኘኩን አቆመ። ሙሽራ ሆና በመጣች ዓመት፣ ትከሻዋን እንዳይመታት ብሎ በድብቅ ባሩድ የቀነሰላትን ጥይቶች የሚለያቸው በዚሁ ቀለም ነበር። ያኔ ስትጠይቀው «ለገድ ነው» ብሏት፣ እስከዛሬ እንዳመነችው ነበር የሚያስበው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ለገድ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጥይቱን ከእጇ ወሰደ። በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ እፍ አለበት።