የሮከሩ እናት በአዳራሹ

የሟቹ የሮክ ጊታሪስት እናት በአዳራሹ በር ብቅ ሲሉ፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሮጦ የልጃቸውን ሙዚቃ ድርግም አደረገው። ልጃቸውን ለመዘከር ሥዕሎቻቸውን በጋራ የሰቀሉት ሠዓሊዎች ሁሉ መንገድ ለቀቁላቸው። በዕድሜ ከሁሉም የምታንሰው ሠዓሊ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ እናትየው ሌላውን ሁሉ አልፈው በቀጥታ ወደ እሷ ሥዕል ይመጡ ነበርና። ጊታሩን አቅፎ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ አፉን በላንቃው ከፍቶ ሲጮህ ነበር የሳለችው። «ምነው ፈገግ ብሎ በሳልኩት ኖሮ!» አለች በሆዷ።

እናትየው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ።

«እማማ፣ ቀለሙ አልደረቀም!» አለች ሠዓሊዋ ደንግጣ።

እናትየው የቀላ ጣታቸውን አይተው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የሳልሽው?»

«አዎ እማማ። ቅር ካሰኘዎት...»

«ኧረ ቁርጥ ልጄን ነው! ግን ድምፁ የታለ? ስገባ ሰምቼው ነበር እኮ።»

«እርስዎን እንዳይረብሽዎት ብለን ነው ያጠፋነው።»

እናትየው ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዕድሜ ልኩን ‹ቀንስ! ጎረቤት አስቀየምክ!› ስለው ነው የኖርኩት። ዛሬስ ጨምሩለት!»

ሠዓሊዋ ማንንም አልጠበቀችም። በሰው መሃል እየተጋፋች ሮጣ ሙዚቃውን ከፈተችና ቁልፉን እስከ ጥግ አዞረችው። ጊታሩ አዳራሹን ነቀነቀው፤ የመስኮቶቹ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ እልል አለ። ፊቷ በደስታ እንደጋለ ዞር ስትል፣ እናትየው ከሥዕሉ ሥር ሆነው በእጃቸው «ገና ነው፣ ጨምሪ!» ይሏት ነበር።