ሳቢው፣ እትዬ

ማበጠሪያው ጸጉሬ ውስጥ እንደተሰካ የእትዬ እጅ ቀጥ ይላል። እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ ከጉልበቶቿ መሃል ወለሉ ላይ ነኝ። ግማሹ ጸጉሬ ተጎንጉኗል፤ ግማሹ እንደተቆጣ ድመት ቆሟል።

"እትዬ፣ ጨርሺ እንጂ! እንዲህ ሆኜ ብወጣ ውሻ ሁሉ ይጮህብኛል።"

ማበጠሪያው አይነቃነቅም።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሆስፒታል፣ ካንሰር ክፍል ውስጥ ነርስ ናት። በቀደም የክፍሉ ኃላፊ "ሁለት ሳምንት ዓይንሽን እንዳላይ፤ ሂጂና ተኚ" ብላ ሰደደቻት። በማግስቱ ጠዋት ጋዋኗን ለብሳ ሆስፒታሉ በር ላይ ከች! የበሩ ዘበኛ "ሲስተር፣ አንቺን ካስገባሁ እኔንም እረፍት ያስወጡኛል፤ የኔው ግን መመለሻ የለውም" ብሎ መለሳት። ስትነግረኝ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ናት፤ ቤት ያለው ግን አካሏ ብቻ ነው። አልጋ ላይ ትወጣለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ ትወርዳለች። የቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ግሉኮስ ያለቀ መስሏት ብድግ ትላለች። ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ሳታነሳው ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ከሰዓት ታዲያ "ጸጉሬን ሥሪኝ" አልኳት። እጇ ሥራ ከያዘ ልቧ ያርፍ ይሆናል ብዬ ነዋ። ሐኪም አይደለሁ፤ በእኔ እውቀት የተገኘው መድኃኒት ይኸው ነው።

ዞር ብዬ አያታለሁ። መዳፏ ላይ ከማበጠሪያው የወጣ ጸጉሬ አለ፤ ማንም ሲያበጥር የሚወጣው ያቺው ትንሽዬ ጥቅልል። እሱ ላይ አፍጥጣለች።

"አይዞሽ፣ የኔ ቆንጆ" ትለኛለች። "መድኃኒቱ ነው። ተመልሶ ይበቅላል።"

ይሄ የቤት ድምጿ አይደለም። በቤት ድምጿ "አንቺ ቅንቡርስ!" ነው የምትለኝ። ይሄ ከጥጥ የተሠራ የሚመስል ድምፅ ነው።

"የምን መድኃኒት? እኔ እኮ ነኝ፣ ቅንቡርስሽ!"

"ለአልጋ አራትም እንዲሁ ነበር ያልኳት።"

በሽተኞቿን በአልጋቸው ቁጥር ነው የምትጠራቸው። ስማቸውን ከያዝኩ ቤት ድረስ ይከተሉኛል ትላለች። በቁጥርም ይከተላሉ ለካ።

"እንዳንቺው ምላሳም ነበረች" ትላለች፣ አሁን ለመዳፏ። "አንድ ቀን 'ሲስተር፣ ሹሩባ ሥሪኝ፣ እዚህ ቤት ሁሉም ሰው መርፌ ብቻ ነው የሚያውቀው' አለችኝ። ማበጠሪያውን ሳስገባ ጸጉሯ እንዳለ እጄ ላይ ቀረ። ትጮሃለች ብዬ ስፈራ፣ ቀና ብላ አየችኝና 'በቃ፣ ሲበቅል ትሠሪኛለሽ' አለች። እሺ አልኳት።"

"በቀለ?"

ሞኝ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ መዳፏን ጥቅልሉ ላይ ትዘጋለች። አልጋ አራትን አይቻት አላውቅም፤ አሁን ግን እዚህ አለች። ከእትዬ ጉልበቶች መሃል፣ እኔው በተቀመጥኩበት፣ በእኔው አንገት አቀርቅራ ጸጉሯ እስኪሠራ ትጠብቃለች።

"ሄጄ አንዴ ብቻ አይቻቸው ልምጣ" ትላለች እትዬ። ጉልበቶቿ ከትከሻዬ ይላቀቃሉ። አሁን ከተነሳች እዚያ ገብታ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ አካሏ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ እሷ አትመጣም።

እጇን ላፍ አድርጌ ጸጉሬ ውስጥ እከተዋለሁ።

"ሳቢው።"

"ምኑን?"

"ጸጉሬን። ሳቢው፣ እትዬ።"

"አብደሻል?"

"ገና አሁን ነው እንዴ ያወቅሽው? ሳቢው!"

እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ ትስባለች። አይነቀልም።

"ወይኔ፣ እንዲህ ፈሪ ነሽ? የሰፈር ልጆች እንኳ ከዚህ አሳምረው ይጎትቱኛል።"

ጠንከር ታደርጋለች። ዓይኔ እንባ ያቀርራል። አይነቀልም። ደግማ ትስባለች፤ አሁንም እዚያው ነው።

"ያምሻል?" ትላለች። በቤት ድምጿ ነው።

"በጣም!" እላለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

ከየት እንዳጠራቀመችው የማላውቀውን ረጅም ትንፋሽ ትለቃለች። ከዚያ ሶፋው ላይ በጎኗ ትጋደማለች። እጇን ግን አታወጣም፤ ያልተሠራው ጸጉሬ ሁለት ዙር ተጠምጥሞበታል። ብዙም ሳይቆይ እንደ ወፍጮ ማንኮራፋት ትጀምራለች። እንዲህ የሚያምር ማንኮራፋት ሰምቼ አላውቅም።

ወለሉ ላይ ስልኳ ይንቀጠቀጣል። በእግሬ ጣቶች እገለብጠዋለሁ፤ የበራው ስክሪን ላይ "የአልጋ አራት እናት" የሚል ጽሑፍ አለ። እትዬ ሳታነሳ የምትገለብጠው ይሄን ኖሯል፤ ልጅቷ ከተቀበረች ወዲህ እናቷ ስትደውል ከርማለች ማለት ነው።

እግሬን ዘርግቼ በአውራ ጣቴ ወደ ምንጣፉ ስር እገፋዋለሁ። እዚያም ሆኖ ይንቀጠቀጣል። በተንቀጠቀጠ ቁጥር የእትዬ ጣቶች በእንቅልፏ ይጨብጣሉ፣ ጸጉሬ ከሥሩ ይሳባል። "ውይ" እንዳልል ከንፈሬን ነክሼ፣ አንገቴን ወደ እጇ አስጠጋለሁ።