የጫማ ሠሪው ድድ

ጫማ ሠሪው ሚስማር የሚያስቀምጠው አፉ ውስጥ ነበር። አሥር አሥራ አምስቱን በከንፈሩ ይይዝና አንድ በአንድ እያወጣ ሶሉ ላይ ይመታል። ደንበኛ ሲያናግረው መልሱ "እምም" ነው። ሚስቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስትቆጣው ኖራለች፤ እሱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "እምም" ሲላት ኖሯል።

ስለዚህ ድዱ መድማት ሲጀምር ጥፋተኛውን ለመፈለግ አልደከመችም።

"ዝገት ስትመጠምጥ ኖረህ ምን ይመጣል ብለህ ነበር?" አለችውና የሚስማሩን ቆርቆሮ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደበቀችው።

ደሙ ግን አልቆመም። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ ታገኘዋለች። አፉን ብረት ብረት እንደሚለው ነገራት። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ደንበኞቹ ጫማቸውን ወርውረው ወደ ኋላ የሚሉበት ሽታ ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ፊቷን አላዞረችበትም። ዳቦ በወተት አርሳ ስታቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካይኑ ጠፋ። ከስምንት ዓመት በፊት እርም ያለውን ሲጋራም እንደገና ጀመረ።

"ሕመሙን ያስታግስልኛል" አላት።

እሷም አብራው ከሳች። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስጠበበችው። የምትሠራው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው፤ ጓደኞቿ ምን ሆነሽ ሲሏት፣ "እሱ ሳይበላ ለኔ እንዴት ይውረድልኝ?" ትላቸዋለች። የራሷን ሆድ ቁርጠት ከነጭራሹ ረስታዋለች። ቁርጠቱ እንደሆነ ተመርምራ ጨጓራ ነው ተብሏል። ውጤቱ በወጣበት ቀን ሕፃናቱን ጥላ መሄድ ስላልቻለች ከሆስፒታል ያመጣላት ባሏ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሰው።

"ሰልፉ አይጣል ነው" አለ ሲገባ። "ጨጓራ ነው። የሚያቃጥል ነገር ተዪ፣ ኪኒንሽን ዋጪ፣ አለቀ።"

ያስደነገጣት ድዱ ብቻ አልነበረም። ከተጋቡ ጀምሮ "እሠራልሻለሁ፣ እሠራልሻለሁ" ሲላት የኖረውን ጫማ በአንድ ሳምንት ጨርሶ አመጣላት። ተንበርክኮ እግሯ ላይ አጠለቀላት። ቡናማ ነው፣ ቆዳው ልስልስ ያለ። የጫማ ሠሪ ሚስት ሆና ሁልጊዜ ከሱቅ ስትገዛ የኖረች ሴት መሳቅ ነበረባት። አልሳቀችም። ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። የሚሞት ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ተጣድፎ ቃሉን ይፈጽማል?

በማግስቱ እጁን ይዛ ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። አፉን አስከፍታ መብራቱን አቀረበች። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ድድ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ላዩን ግራጫ ነገር ሸፍኖታል። በመሣሪያዋ ጫፍ ነካ ብታደርገው ደሙ ፈሰሰ። ጫማ ሠሪው የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ያዘ። ከመንጋጋው ሥር ያበጠውን ዳሰሰች፣ ትኩሳቱን ለካች።

"ከባድ የድድ ቁስለት ነው" አለች።

"ሚስማሩ ነው አይደል?" አለች ሚስት።

"ሚስማሩ አይደለም፣ እትዬ። ይሄ በሽታ የሚጠናው እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ከባድ ጭንቀት ያለበት ሰው ላይ ነው።" ወደ ጫማ ሠሪው ዞረች። "ጋሼ፣ በቅርብ ጊዜ ሐዘን ደርሶብዎታል?"

"ኧረ ማንም አልሞተብንም!" አለች ሚስት ቀድማ።

ጫማ ሠሪው የሚስቱን አዲስ ጫማ እያየ "እምም" አለ። አፉ ውስጥ አንድም ሚስማር አልነበረም።

ሐኪሟ ቁስሉን አጠበችለት፤ የሚጉመጠመጠውንና የሚውጠውን አዘዘችለት። "አንዳንዴ ደግሞ ሰውነትን የሚያዳክም ሌላ በሽታ ከሥሩ ይኖራል። ለማንኛውም ለምርመራ ደም ይስጡ" አለች። ሚስት ከዚህ ሁሉ የሰማችው ይህንን ብቻ ነበር።

እሷ በተመረመረችበት ሆስፒታል ደሙን ሰጠ። ውጤቱ የሚደርስበት ቀን ጠዋት ተነሥቶ ኮቱን ሲፈልግ ደረሰችበት።

"እኔው አመጣዋለሁ" አላት።

"ትኩሳት ይዞህ? ተኛልኝ ብያለሁ!"

"ተዪ፣ እናትዬ፣ አንቺ እዚያ አትሂጂ።"

"ያን ጊዜ አንተ ለኔ አልተሰለፍክልኝም? ዛሬ ተራው የኔ ነው።"

አዲሱን ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። መንገዱን ሁሉ ስትጸልይ ሄደች። እሱን አትውሰድብኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

የሆስፒታሉ ውጤት መስጫ መስኮት ጋ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ስሙን ተቀብላ ወረቀቶቹን አገላበጠች።

"ምናቸው ነዎት?"

"ቤተሰብ ነኝ።"

"ደማቸው ንጹሕ ነው። ምንም የለባቸውም።"

የመስኮቱን ደፍ ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። ይኖራል። አብረው ያረጃሉ። የሚስማሩን ቆርቆሮ ዛሬውኑ ታወርድለታለች፣ እንደፈለገ ይጉረሰው።

ሠራተኛዋ ስሙን ደግማ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጫማ ሠሪው ናቸው አይደል? አልረሳኋቸውም። እርስዎ እህታቸው ነዎት መሰለኝ። ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግራቸው ያችን ወንበር ይዘው እስከ ምሳ ሰዓት አለቀሱ።" ወረቀቱን በመስኮቱ አሾለከችላት።

"ለመሆኑ ባለቤታቸው እስካሁን በሕይወት አሉ?"