የቅዳሜው አስጠኚ

አቻምየለሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ ነበራት፤ ልጇ ሠርክአዲስ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማየት። ልጅቱ ቡሬ ከተማ ቤት ተከራይታ መሰናዶ ትማራለች። እናት በየገበያው ቀን በሶና ድርቆሽ ተሸክማ ከገጠር ትመጣለች።

በጥር ነጋዴው ክንዱ ሠርክአዲስን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እህልም ጨርቅም የሚነግድ፣ ጨዋ፣ ዕድሜው ገፋ ከማለቱ በቀር እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። አቻምየለሽ ግን ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥታ፣ «መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ትፈተን፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል» ብላ ሸኘቻቸው። ክንዱ አልተቀየመም። እንዲያውም ገበያ ላይ ሲያገኛት ሸክሟን እየተቀበለ፣ «ደግ አደረጉ እትዬ፤ ትምህርት ይቅደም» ይላት ጀመር። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!

ዐቢይ ጾም ሲገባ መምህር ዳኘው ለፈተና የሚዘጋጁትን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ማስጠናት ያዘ። ወላጅ ሁሉ መረቀው። ችግሩ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ሌሎቹን አሰናብቶ ሠርክአዲስን ያስቀራል። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ አቋራጭ መንገድ ሞልቶ ሳለ፣ ገበያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ጎን ለጎን እየሄደ እስከ በሯ ያደርሳታል። አንድ ቅዳሜማ ገበያተኛው ሁሉ እያየ አዲስ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከአቻምየለሽ ቀድሞ መንደሯ ገባ።

«እኔ ሐሜት አልወድም» አላት ክንዱ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ግን ሻርፑን ከእኔው ሱቅ ነው የወሰደው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፤ መቼም ለእርስዎ አይነገርም።»

አቻምየለሽ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ መምህሩን ፊት ለፊት ጠየቀችው። አልካደም፤ ፈገግ አለ። «ልጅዎ ጎበዝ ናት እናቴ። እንዲያውም ከእንግዲህ ብቻዋን ላስጠናት አስቤያለሁ» አላት።

ደሟ ፈላ። ልጇን አፋጠጠቻት።

«አንቺን ይንሳኝ እማ፣ አንድም ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። መንገድ ላይማ ጭራሽ አያናግሩኝም።»

«ሻርፑስ?»

«አልወስድም ስል፣ ሰው እያየ አታሳፍሪኝ አሉኝ።»

ማን ይመናት? አቻምየለሽ ልጇን በጥፊ አጮለቻት፤ ሻርፑን እሳት ውስጥ ከተተችው። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ራሷ አስጠራች።

«ስሟ ሳይጠፋ ይውሰዳት። ግን ፈተናውስ?»

«ከእኔ ቤት ሆና ትፈተናለች» ብሎ ክንዱ ማለ። የሰርጉን ቀን የቆረጠው ግን እሱ ነው፤ ጾመ ሐዋርያት ሳይገባ ብሎ፣ ፈተናው ሰኞ ሊጀመር ሰርጉን በዋዜማው እሑድ አደረገው። ሙሽራ በማግስቱ ከጫጉላ እንደማትወጣ አገር ያውቃል። አቻምየለሽም ታውቃለች። ግን ለሰርጉ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች።

ሠርክአዲስ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «እማ፣ ፈተናዬን ብቻ። ከዚያ ለፈለግሽው ስጪኝ።»

«አርፈሽ ተቀመጪ! ከተዋረድሽ ወዲያ ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራልሻል?»

እንዲህ አለች እንጂ ጓሮ ዞራ አለቀሰች። መቼም እናት ናት። «ከዚያ አውሬ አፍ አወጣኋት» እያለች ራሷን አጽናናች።

እሑድ ዳሱ ሞላ። ሠርክአዲስ ከጠዋት ጀምሮ ታለቅሳለች፤ ሙሽራ ማልቀሷ ወግ ነውና ማንም ነገሬ አላላትም። ከሰዓት ሰርገኛው እየጨፈረ ደረሰ። አቻምየለሽ አዲሱን ቀሚሷን አስተካክላ አማቿን ልትቀበል ወደ ዳሱ በር ወጣች። ክንዱ ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ እሷም መረቀችው።

ከሙሽራው ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን የሳመው አንደኛው ሚዜ፣ መምህር ዳኘው ነበር።